ቀስ ብሎ የሚዞረው ሸክላ

«ዝም አይነቅዝም» ብሎ የተረተው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም እንጂ ቢታወቅ ኖሮ ቁጭ አድርጎ ይህን ታሪክ መንገር ነበር። የሚነቅዘው እህል ብቻ መስሎት ይሆናል።

ጠጋኙ ይህን ተረት ከአባቱ ተቀብሎ እንደ ርስት ይዞት ያደገ ልጅ ነው። ሱቁ ያረጀ ፎቅ ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ረዘም ያለ ሰው ሲገባ አንገቱን መስበር አለበት። ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ ካውያ፣ ባለቤቱን ያስመረረ ቴሌቪዥን ሁሉ እዚያች ጉድጓድ ገብቶ ድኖ ይወጣል። ደንበኛ «ይድናል?» ሲለው «ይድናል» ይላል። «መቼ ልምጣ?» ሲለው «ሐሙስ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። አጠገቡ ቁልፍ የሚቀርጹ ሽማግሌ አሉ፤ «የማልከፍተው በር የለም» ስለሚሉ ሰፈሩ «ጋሽ ማስተር» ይላቸዋል። እሳቸውም «የዚህን ልጅ አፍ ግን እኔም አቅቶኛል» እያሉ ይስቁበት ነበር።

ልጅቷ የመጣችው ስልክ ገና በየሰው ኪስ ባልገባበት ዘመን፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። በአንሶላ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ታቅፋ፣ በክርኗ በሩን ገፍታ ገባች።

«ሸክላ ማጫወቻ ይጠግናሉ?»

«ያስቀምጡት።»

«ምን እንደሆነ አይጠይቁኝም እንዴ?»

«እሱ ይነግረኛል።»

«ታድለው! እኔን ይኸው አባቴ ከሞተ ጀምሮ አንድ ቃል አልነገረኝም።»

ጠጋኙ ሳያስበው ሳቀ። ቀና ሲል ጣቶቿ ላይ የደረቀ ነጭ ነገር አየ። እሷም ማየቱን አየች።

«ዱቄት አይደለም፤ ጀሶ ነው። ጥርስ ነው የምሠራው።»

«የሰው?»

«የአንበሳም ከመጣ አንመልስም።»

ከአንሶላው ውስጥ አንድ ሸክላ አውጥታ ከማጫወቻው ጎን አስቀመጠች። ሽፋኑ ጠርዝ ጠርዙ ተበልቷል፤ ሳክስፎን የያዘ ሰው ፎቶ አለበት። ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ የታወቀ የድሮ የጃዝ አልበም ነው። ጠጋኙም በሬዲዮ ደጋግሞ ሰምቶታል። «ሐሙስ» አላት። ከወጣች በኋላ ግን በሩን ለረጅም ጊዜ ሲያይ ጋሽ ማስተር ታዘቡት።

ማጫወቻው ብዙ ሕመም አልነበረበትም። ሞተሩ ዘይት ደርቆበት ተጣብቋል። ሸክላው የሚዞርበትን ሳህን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው የጎማ ቀበቶ ደግሞ እንደ አሮጌ ካልሲ አፍ ላልቷል። ሞተሩን አጥቦ ዘይት ሰጠው፤ ቀበቶውን አውልቆ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለና አዲስ አጠለቀ። ሥራው ንጹሕ ነበር። ሐሙስ ልጅቷ ስትመጣ፣ የሥራውን ማማር እሱ ከሚናገር ሸክላው ይናገር ብሎ መርፌውን አሳረፈው።

መጀመሪያ ፒያኖው ገባ፤ ባሱ ተቀበለው። ከበሮው በመጥረጊያ ወለል እንደሚጠረግ ሹክ አለ። ከዚያ ሳክስፎኑ መጣ።

የልጅቷ ፊት ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ምን አደረጉት?»

«ጠገንኩት።»

«ይሄ የአባቴ ሸክላ አይደለም።»

«ያመጡት ሸክላ ነው። ሌላ ሸክላ እኔ ጋ የለም።»

«አይደለም እኮ! የአባቴ እንዲህ አይቸኩልም። የአባቴ ድምፁ ወፍራም ነው፤ ያዝናል። ይሄኛው… ይሄኛው አውቶቡስ ሊያመልጠው የሚሮጥ ሰው ነው የሚመስለው።» እንባዋ መጣ፤ በጀሶ እጇ ስትጠርገው ጉንጯ ነጣ።

ጠጋኙ በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር የተናገረው ያን ጊዜ ነው። ቀበቶው ከብዙ ጊዜ በፊት ላልቶ እንደነበር፣ ቀበቶው ሲላላ ሳህኑ ቀስ ብሎ እንደሚዞር፣ ሳህኑ ቀስ ሲል ዜማው እንደሚጎተትና ድምፁ እንደሚወፍር አስረዳት። አሁን የሚዞርበት ፍጥነት ትክክለኛው ነው። በየአገሩ ያለ ሰው ይህን አልበም የሚሰማው እንዲህ ነው።

«ታዲያ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ተሳስቶ ነው የሰማው?»

«አልተሳሳቱም» አለ ጠጋኙ፤ ትንሽ አሰበና «ቀስ ብለው ነው የሰሙት» አላት።

ልጅቷ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «እኔ ጋ ሰው ይመጣል» አለች። «አሳምሬ፣ ልክክ አድርጌ ጥርስ እሠራለታለሁ። በመስታወት አይቶ ‹ይሄ የኔ አፍ አይደለም› ይለኛል። የድሮው ጠማማ ነበራ! ምን አደርጋለሁ መሰለህ? አጣምምለታለሁ።»

«አንተ» ማለቷን ሁለቱም ሰሙ፤ ማንም አላረመውም። ጠጋኙ ጎንበስ ብሎ ከቆሻሻ መጣያው ውስጥ አሮጌውን ቀበቶ አወጣ፣ አቧራውን በሸሚዙ ጠረገ፣ አዲሱን አውልቆ እሱን መለሰው። የጠገነውን ነገር በገዛ እጁ ሲያበላሽ የመጀመሪያው ነበር። መርፌውን መልሶ ሲያሳርፈው ሳክስፎኑ ከሩቅ፣ ከጥልቅ ቦታ መጣ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። ጠጋኙ ደግሞ እሷን አየ፤ ከዚያ በኋላም ሌላ ነገር አጥርቶ ያየ አይመስልም።

ማጫወቻው ግን ወደ ቤቷ አልተመለሰም። እናቷ ያንን ድምፅ መስማት አይፈልጉም፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህማ «ያ ጡሩምባ ቤቴ እንዳይገባ» ብለዋል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ቀረ፤ ልጅቷ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ በኋላ መምጣት ጀመረች። ቀበቶው አርጅቷልና አንድ ገጽ ብቻ ይሰማሉ፤ አንድ ቅዳሜ የፊቱን፣ ሌላ ቅዳሜ የኋላውን።

«አባቴ አውቶቡስ ነጂ ነበር» አለችው አንድ ቀን። «ሲመጣ ጫማውን አውልቆ ይሄን ያስነሳል። ሌላው ሙዚቃ እንደኔ መንገደኛ ነው ይል ነበር፤ በየፌርማታው ይቆማል፣ ይነሳል፣ የሚደርስበት አለው። ይሄኛው ግን አንድ ቤት ይገባና ቁጭ ይላል። የትም አይሄድም። ቤቱን ጥግ በጥግ እያየ ይቆያል።»

ጠጋኙ አዳመጠ፤ እውነቷን ነው። ፒያኖው ሁለት ነገር ብቻ እየደጋገመ ይጠብቃል፤ ሳክስፎኑ እዚያው ቦታ ላይ ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ በመስኮት ያያል፣ ደግሞ ይመለሳል። ችኮላ የለም። እሱም የትም መሄድ አልፈለገም።

«ምነው ዝም አልክ?»

«ቤቱን እያየሁ ነው።»

«እየው፣ እየው! ለካ ቀልድም ታውቃለህ። እስቲ አፍህን ክፈት፤ ሙያዬ ነው፣ አትፈር።» ከፈተላት። «ጥርስህ እንዲህ ደህና ሆኖ ምነው አፍህን የምትደብቀው?» ብላ ሳቀች። እጇ ግን አገጩ ላይ ቀረ፤ ሸክላው አልቆ መርፌው ባዶ መዞር እስኪጀምር አልተነሳም።

ጋሽ ማስተር ከውጭ ሆነው «ኧረ ሸክላው አልቋል!» ብለው ጮኹ።

«ጋሼ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?» አለቻቸው ልጅቷ።

«እሱስ ይሄዳል! የዚህ ልጅ እንቁላል ግን ዶሮ ሆኖ አርጅቶ ይሞታል እንጂ አይሄድም።»

እንዲህ እያሉ ከረሙ። ቀበቶው ግን ጠርዙ መሰነጣጠቅ ጀምሯል። «ሲበጠስስ?» ብላ ጠየቀችው። ጠጋኙ ቀበቶውን በጣቱ ዳስሶ ተወው። በልቡ ግን መላውን መፈለግ ጀምሮ ነበር።

እናትየው የመጡት አንድ ረቡዕ፣ ልጃቸው ሥራ ላይ ሳለች ነው። ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው በሩ ላይ ቆሙ። ልባቸው ደካማ ነው።

«ልጄን ቅዳሜ ቅዳሜ የምታስቀርብኝ አንተ ነህ?»

«አረፍ ይበሉ፣ እማማ።» ወንበሩን በሸሚዙ ጠርጎ አቀረበላቸው።

ተቀመጡ። ጥግ ላይ ያለውን ማጫወቻ ለረጅም ጊዜ አዩት፤ እንደ ተጣሉት ሰው።

«ባለቤቴ ክፉ ሰው አልነበረም» አሉ። «አንድ ቀን እጁን አላነሳብኝም፤ ክፉ ቃል አልወጣውም። ሲከፋው ግን ያንን ያስነሳና በሩን ይዘጋል። እኔ ከበሩ ወዲህ ቆሜ ያንን ጡሩምባ እሰማለሁ። ላናግረው ባንኳኳ ‹ቆይ፣ ይለቅ› ይለኛል። ሲያልቅ ደግሞ የምለው ነገር ይጠፋኛል። እንዲሁ እንደተጠባበቅን አረጀን፣ ልጄ። ለልጅቷ ያ የአባቷ ሙዚቃ ነው። ለኔ የተዘጋ በር ነው።»

ጠጋኙ የጨበጠውን መፍቻ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«አንተን ልጠላህ ነበር የመጣሁት፤ አልሆነልኝም። ወንበሩን ጠርገህ አስቀመጥከኝ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ልጄን በር አትዝጋባት።»

«አልዘጋባትም፣ እማማ።»

ከልቡ ነበር። እንዲያውም እሳቸው ከሄዱ በኋላ ዓይኑ እንባ አቅርሮ እንደነበር ጋሽ ማስተር ይናገሩ ነበር። ሰው ግን ቃሉን የሚያፈርሰው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ በጎ ሊሠራ ደፋ ቀና ሲል ሳያውቀው ያፈርሰዋል።

በቀጣዩ ቅዳሜ ልጅቷ ስትመጣ እንደ ወትሮዋ አልሳቀችም። ሸክላው እስኪያልቅ ጠበቀችና ተናገረች።

«ወንድሜ ሥራ ቦታዬ ድረስ ደወለልኝ። እናቴን ሊወስዳት ነው፤ ልቧ የሚታከመው እሱ ያለበት ከተማ ነው። ለኔም ሥራ ተገኝቷል፣ ነይ ይለኛል።»

«ሩቅ ነው?»

«ሩቅ ነው። ከሄድኩ የምመለስ አይመስለኝም።»

ደረጃው ላይ የሚወርድ ሰው ኮቴ በጭንቅላታቸው ላይ አለፈ።

«አንድ ነገር በለኝ እንጂ» አለችው።

«ምን ልበልሽ?»

«እሱን እኔ አልነግርህም! ይሄን ያህል ጥርሴን ነክሼ መጠበቄ ይበቃል።» ጣቷ ላይ የደረቀውን ጀሶ ፋቀች። «እናቴን ጠይቄያታለሁ። ወንድምሽ አለኝ፣ ለኔ አታስቢ፤ የሚያስቀርሽ ቃል ካለ ቅሪ አለችኝ። ቃል ካለ ነው ያለችኝ።»

ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። «ቅሪ» ማለት ምን ይከብዳል? ለጠጋኙ ግን ባዶ እጁን ይዞ ቃል ብቻ መስጠት እንደ ማታለል ሆኖ ታየው። ቤት የለው፤ ያለው አንድ ሱቅ፣ እሷም ደረጃ ሥር። የሚሰጣት አንድ ነገር ግን ያውቃል። ቀበቶው ቢበጠስ የማይጠፋ፣ ዕድሜ ልኳን እንዲያ ቀስ ብሎ የሚዞር የአባቷን ማጫወቻ ይሠራላታል። እሱን በእጇ አስይዞ ያን ጊዜ ቅሪ ይላታል።

«እስቲ ትንሽ ታገሺኝ» አላት። «ወንድምሽ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ እኩለ ቀን ላይ።»

«ከዚያ በፊት ይደርሳል። የፊታችን ቅዳሜ አትምጪ፤ ሥራ አለብኝ።»

ልጅቷ ቦርሳዋን አነሳች። «ሥራ» አለች ለራሷ። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ አየችው፤ እሱ ግን ዓይኑ ማጫወቻው ላይ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። በሞተሩ ጫፍ ላይ ቀበቶው የሚጠመጠምባት፣ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ የነሐስ መዘውር አለች። እሷ በቀጠነች መጠን ሳህኑ ቀስ ይላል። አዲስ ጠንካራ ቀበቶ ይዞ፣ መዘውሯን ልክ በልኩ ካቀጠናት ማጫወቻው ልክ እንደ ላላው ቀበቶ ይዞራል። ከመጠን ካለፈ ግን መመለሻ የለውም፤ ከተሞረደ ነሐስ ላይ ነሐስ አይበቅልም። ከጋሽ ማስተር የቁልፍ መሞረጃ ተውሶ፣ መዘውር እየቀረጸ፣ አሮጌውን ቀበቶ አጥልቆ ድምፁን እያጠና፣ አውልቆ ከአዲሱ ጋር እያስተያየ፣ ሲያበላሽ ሌላ እየጀመረ ሰነበተ። የሰው ሬዲዮ ተከመረ። ሱቁን ከውስጥ ዘግቶ ነበር የሚውለው።

«ልጄ፣ ይሄ የማን በር ቁልፍ ነው እንዲህ የምትለፋበት?» አሉት ጋሽ ማስተር።

«ለእሷ ነው።»

«ነግረሃታል?»

«ሲያልቅ ታየዋለች።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ እኔ የማውቀው በር በቁልፍ እንደሚከፈት ነው። ሰው የሚከፈተው በአፍ ነው፤ እሱን ደግሞ ሞርጄ ልሰጥህ አልችልም።»

በሁለተኛው ቅዳሜ ጠዋት አሮጌው ቀበቶ እጁ ላይ ተበጠሰ። ከዚያ ወዲያ የቀረው ጆሮው ውስጥ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። የመጨረሻዋን መዘውር በጨርቅ ወለወላት፣ ገጠማት፣ መርፌውን አሳረፈ። ፒያኖው ገባ። ባሱ ተቀበለው። ሳክስፎኑ ሲመጣ ያው ከሩቅ፣ ያው ከጥልቁ፣ ራሱ ሆኖ መጣ። ጠጋኙ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ።

በሩ የተንኳኳው ያን ጊዜ ነው።

«አለህ?» አለች። «እኔ ነኝ።»

ብድግ አለ። ከዚያ ጠረጴዛውን አየ። ማጫወቻው ክዳኑ ወልቆ፣ ሽቦው ተዘርግፎ፣ አሮጌው ቀበቶ ለሁለት ተበጥሶ ከጎኑ ተኝቷል። አባቷን ገነጣጥዬ ያስቀመጥኩ ይመስላታል አለ በልቡ። አሁን ብከፍት ሁሉም ነገር ይበላሻል። ነገ እሑድ ነው፤ ወንድሟ የሚመጣው እኩለ ቀን ላይ ነው። ክዳኑን ወልውዬ፣ አሳምሬ፣ ጠዋት ቤቷ ድረስ ተሸክሜ ሄጄ እላታለሁ። አንድ ቀን ምን አላት?

ደግማ አንኳኳች፤ ይሄኛው ቀስ ያለ ነበር። ሳክስፎኑ እየተጫወተ ነው። መርፌውን እንኳ አላነሳም። ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ቆመ። ከበሩ ወዲያ እሷም ቆማ ነበር፤ ኮቴዋ እስኪርቅ ድረስ ብዙ ቆየ።

እሑድ ጠዋት ማጫወቻውን ባመጣችው አንሶላ ጠቅልሎ፣ አንሶላውንም አጥቦት ነበር፣ ቤታቸው ደረሰ። በሩ የተቆለፈ ነው። የቤቱ አከራይ በመስኮት ብቅ አሉ።

«ሄደዋል እኮ፣ ልጄ።»

«ወንድሟ እኩለ ቀን አይደል እንዴ የሚመጣው?»

«ቀድሞ ትናንት ማምሻውን ደረሰ። አድረን ነገ እንሄዳለን ሲል ልጅቷ ናት አሁኑኑ እንውጣ ያለችው። እናትየው እንኳ ‹ያ ልጅ መልስ አልሰጠሽም?› ብለው ጠየቋት። ‹በሩን ዘግቶ ሸክላ ይሰማል› አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ዕቃቸውን ብቻ አነሱ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ጠጋኙ ማጫወቻውን ታቅፎ እዚያ በር ላይ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመ አያውቅም። «ቅሪ» አለ ለተቆለፈው በር። ቃሉ እንዲያ ቀላል ኖሯል።

ጥርስ የምትሠራበት ቦታ ሄዶ አድራሻ ጠየቀ፤ የተወችው አድራሻ የለም። ወንድሟ ይኖርበታል ወደተባለው ከተማም ሄዶ ነበር፤ ስሟን ብቻ ይዞ ሲንከራተት ሰንብቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ጋሽ ማስተር ያን ሰሞን አልቀለዱበትም። አንድ ቀን ብቻ፣ የሱቁን በር መቀርቀሪያ በመፍቻቸው ፈተው ወሰዱት። «ይሄ አያስፈልግህም» አሉት። እሱም አልተከራከረም።

ከዚያ ወዲያ ጠጋኙ ያንን ሸክላ በር ዘግቶ ሰምቶት አያውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ሳክስፎኑ ቀስ ብሎ ወደ መንገዱ ይወጣል። የሰፈሩ ልጆች አልበሙ እንዲያ የሚዘገይ መስሏቸው አደጉ። ዓመታት ሄዱ። ጋሽ ማስተር አረፉ። የሚጠገነው ሬዲዮ ቀርቶ ስልክ ሆነ። የጠጋኙም ፀጉር ሸበተ። ሚስት ግን አላገባም፤ ሰው ሲጠይቀው «ይሆናል» ይላል።

አንድ ቅዳሜ ሸክላው እየዞረ ሳለ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ጥቁር ልብስ የለበሰች ሴት ቆማለች። አላንኳኳችም፤ በሩ ክፍት ነው።

«እስኪያልቅ ልጠብቅ?» አለች።

ድምጿን ሲሰማ ጠጋኙ የያዘው ሁሉ ከእጁ ወደቀ። መርፌውን ሊያነሳ ሲሮጥ «ተወው፣ ተወው» አለችውና ገብታ ድሮ በምትቀመጥበት ቦታ ተቀመጠች። ጣቷ ላይ ቀለበት አለ። ጀሶ የለም።

«እናቴ አረፈች» አለች። «አፈሯ እዚህ እንዲሆን ብላ ስለነበር አምጥተን ትናንት ቀበርናት።»

«ነፍሳቸውን ይማር። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«ልትሞት ሰሞን ምን አለችኝ መሰለህ? ‹የአባትሽን ያንን ጡሩምባ አሰሙኝ› አለች። እሷ! ቤቴ እንዳይገባ ያለችው! ወንድሜ ሮጦ አልበሙን ገዛና አጫወተላት። ትንሽ ሰማችና ‹ይሄ እሱ አይደለም› አለች። እሱ ነው፣ እማዬ፣ አልናት። ‹አይደለም፣ የሱ አይቸኩልም› አለች። ሳትሰማው ሄደች።» አፏን በእጇ ሸፈነች። «እና ዛሬ በዚህ ሳልፍ ከመንገድ ሰማሁት። ቆምኩ። ያ ቀበቶ እንዴት እስካሁን ቆየ?»

«አልቆየም። ያኔውኑ ነው የተበጠሰው።»

«ታዲያ?»

ጠጋኙ ጎንበስ ብሎ የማጫወቻውን ጎን ከፈተና በጣቱ አሳያት። ነሐሷ መዘውር ብልጭ እያለች ትዞራለች። ምን እንደሆነች፣ እንዴት እንደተሠራች፣ መቼ እንዳለቀች ነገራት። «መቼ» የሚለው ላይ ሲደርስ ልጅቷ ፊቷ ተለወጠ።

«ያን ቅዳሜ?»

«ያን ቅዳሜ።»

«አንኳኩቼ ነበር።»

«ሰምቼሻለሁ።»

ፒያኖው ሁለት ነገሩን እየደጋገመ ጠበቀ።

«እኔ እኮ» አለች ቀስ ብላ «ከበሩ ወዲያ ቆሜ የሰማሁት ሙዚቃውን አልነበረም። እናቴ ስትሰማው የኖረችውን ነው የሰማሁት። እንደሷ ሆኜ ላረጅ ነው ብዬ ፈራሁ። ለኔ የምትሠራው ነገር ነው ብሎ ማን ያስባል? አንድ ቃል ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«ያን ቀን ልልሽ የነበረው…»

«አውቀዋለሁ። አሁን አትበለኝ፤ እባክህ። አሁን ብትለኝ የትም አላደርሰውም። ልጅ አለችኝ፣ ደህና ባል አለኝ፤ የሚናገር ሰው ነው።» በእንባዋ መካከል ፈገግ አለች። «ጥርሱ ግን እንዳንተ አያምርም።»

እሱም ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረ።

«ውሰጂው» አላት ወደ ማጫወቻው እያመለከተ። «ያንቺ ነው። ላንቺ ነው የሠራሁት።»

ልጅቷ ክዳኑን በመዳፏ ዳሰሰችው። «አልወስደውም። ብወስደው በሩን ዘግቼ ነው የምሰማው፤ ራሴን አውቀዋለሁ። እዚህ ይሁን። እዚህ በሩ ክፍት ነው።» ተነሳች። «መሄድ አለብኝ። እየጠበቁኝ ነው።»

ሸክላው ገና መሀሉ ላይ ነበር፤ ሳክስፎኑ ገና እየገባ፣ ሁለቱም የሚወዱት ቦታ ላይ። አባቷ ቢሆኑ «ቆይ፣ ይለቅ» ይሏት ነበር። ጠጋኙ ኮቱን ከሚስማሩ ላይ አወረደ።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«ልሸኝሽ።»

«ሙዚቃውስ?»

«እሱ ይጫወት።»

እስከ መንገዱ ዳር ጎን ለጎን ሄዱ። በመንገድ ላይ አወራት፤ ስለ ጋሽ ማስተር፣ ስለ መቀርቀሪያው፣ ስሟን ብቻ ይዞ ስለተንከራተተበት ከተማ፣ ሳይነግራት ስለቀረው ብዙ ነገር። አንዷን ቃል ብቻ አላነሳም። መኪናው ጋ ሲደርሱ ልጅቷ ጉንጩን ሳመችው፣ ገባች፣ በመስታወቱ እጇን አነሳች። መኪናው ከዓይኑ እስኪሰወር ቆሞ አየ።

ሱቁ ሲመለስ ገጹ አልቆ መርፌው ባዶውን እየዞረ ነበር። አነሳው። በሩን እንደተከፈተ ተወና የሰው ስልክ ይዞ ሥራውን ቀጠለ።